በቻይና የበጋ ወበቅ ፊትንና ገላን መጠበቅ፦ ከባህላዊ ሕክምናቸው የሚወሰደውና የሚተወው

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደውን የጥያቄና መልስ ክር የከፈተችው በጓንግዡ ከተማ የምትኖር፣ ልብስ እየገዛች ወደ አዲስ አበባ የምትልክ ኢትዮጵያዊት ናት። ጥያቄዋ ረጅምና በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። የከተማው ወበቅ ከግንቦት ጀምሮ እንደሚበረታ፣ ጀርባዋና አንገቷ ላይ የሙቀት ሽፍታ እንደወጣባት፣ ጉንጮቿ ላይ የነበረው ማድያትም በቻይና በጋ፣ ማለትም በእኛ የክረምት ወራት፣ እየጠቆረ እንደሚሄድ ትገልጻለች። ጎረቤቷ የሆኑ አንዲት ቻይናዊት እናት አራት ነገር መክረዋታል፦ በረዶ ያለበት ውኃ መተው፣ የማሾ ሾርባ አዘውትሮ መጠጣት፣ ሳንፉ በሚባሉት የሐሩር ቀናት ጀርባ ላይ የዕፀዋት ፕላስተር ማስለጠፍ፣ ፊትን ደግሞ ከነጫጭ ሥሮች በተፈጨ ዱቄት መቀባት። እነዚህ ልማዶች እንደ እኛ ላለ ጠይም ቆዳ ይስማሙ እንደሆነ ትጠይቅና፣ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የተሠራበት ነገር ጎጂ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በተተወ ነበር በሚል ሐሳብ ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ፣ እኔ እንደማነበው፣ በዚህች የመጨረሻ ሐሳብ ዙሪያ የተካሄደ ነው።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው በዚያው ከተማ የቻይናን ባህላዊ ሕክምና ከሚያጠና ወጣት ነው። ጠያቂዋን እህቴ ብሎ በትሕትና ሰላምታ ከሰጠ በኋላ፣ ምክሮቹን ከመመዘኑ በፊት የቆሙበትን መሠረት አስረዳ። በቻይናውያኑ ትምህርት ዓመቱ በአምስት ባሕርያት፣ ማለትም በእንጨት፣ በእሳት፣ በአፈር፣ በብረትና በውኃ ይመደባል፤ በጋ የእሳት ነው፤ ከውስጥ አካላት ልብ የእሳት ድርሻ ነው፤ ላብም የልብ ፈሳሽ ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ የበጋ ገላ አጠባበቅ ዓላማው ላብን ማስቆም ሳይሆን በልክ ማላብ ነው፤ ፈጽሞ ያላላበ ሰው ሙቀቱ በውስጡ ይታፈናል፣ ከልክ በላይ ያላበው ደግሞ ጉልበቱ አብሮ ይፈስሳል ይላሉ። በበጋ የሰውነት ሙቀት ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ሆድ ይቀዘቅዛል ብለው ስለሚያምኑም በረዶ ውኃን ይከለክላሉ፤ በክረምት፣ በብርዱ ወቅት ማለት ነው፣ ፍጅል፣ በበጋ ዝንጅብል መብላትን የሚመክረው የሕዝብ አባባላቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

ይኸው ወጣት አንድ ተጨማሪ ነገር አንሥቶ ነበር፤ በኋላ የመጡት ተሳታፊዎች ግን በችኮላ አለፉት። ትምህርቱ ሁሉንም ሰው በአንድ ሚዛን አይመዝንም። የቤጂንጉ ፕሮፌሰር ዋንግ ቺ የሰዎችን የሰውነት ዓይነት በዘጠኝ የከፈሉበት አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደ መለኪያ ወጥቷል፤ በዚያ መሠረት ሰውነቱ ቀዝቃዛ የሆነ ሰው፣ እርጥበትና ሙቀት የተቀላቀለበት ሰው፣ ወይም አለርጂ የሚያጠቃው ሰው የሚመከረው ምግብና ሕክምና የተለያየ ነው። ስለዚህ ለጎረቤቲቱ የጠቀመው ለጠያቂዋ ላይስማማ ይችላል፤ ይህን የሚለው ደግሞ ራሱ ባህላዊው ሕክምና ነው።

በ2ኛው መልስ አንድ ሰው ሳንፉ መቼ እንደሚጀምር ሲጠይቅ፣ በ3ኛው ሌላ ሰው ቆጠራውን በዝርዝር አስረዳ። በቻይናውያን ጥንታዊ አቆጣጠር ቀናት በአሥር ስሞች እየተፈራረቁ ይጠራሉ፤ ከእነርሱ ሰባተኛው ግንግ ይባላል። ሰኔ 14 ቀን ገደማ ከሚውለው የበጋ ረጅሙ ቀን በኋላ የሚመጣው ሦስተኛው ግንግ ከሳንፉ ሦስት ክፍሎች የመጀመሪያው ፉ መግቢያ ነው፤ አራተኛው ግንግ ሁለተኛውን ይጀምራል፤ ሦስተኛው ፉ ደግሞ የመጸው መግቢያ ከሚሉት ዕለት በኋላ በመጀመሪያው ግንግ ይገባል። ዘመኑ እንደየዓመቱ 30 ወይም 40 ቀን ሲሆን፣ ከሐምሌ መጀመሪያ ሳምንታት አንሥቶ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይዘልቃል።

ከ4ኛው እስከ 8ኛው ያሉት መልሶች በማሾ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ከክሩ ሁሉ ሞቅ ያለውና ፍቅር ያለበት ክፍልም ይህ ነው። በ4ኛው አንዲት ተሳታፊ አሠራሩን አስቀመጠች። ማሾው ታጥቦ በብዙ ውኃ ይጣዳል፤ ውኃው ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ቆይቶ፣ ልጣጩ ሳይፈነዳ አረንጓዴው ውኃ ተቀድቶ ይጠጣል፤ ሙቀትን ለማብረድ የሚፈለገው ይህ ውኃ ነው። ፍሬው እስኪፈርስ ከተቀቀለ ግን መጠጡ ወደ ምግብነት ያደላል። በ5ኛው መልስ አንድ የሰሜን ሸዋ ሰው፣ ይህ ቻይናውያን እንዲህ የሚያከብሩት እህል በሰሜን ሸዋና በወሎ ቆላዎች የሚመረተው የራሳችን ማሾ እንደሆነ በኩራት አስታወሰ፤ በቤተሰቡ ማሳ የሚመረተው አብዛኛው ለገበያ እንጂ ለቤት እንደማይውልም ነገረን። በ6ኛው ደግሞ ሰሜን ቻይና የምትኖር ሴት ሾርባዋ ሁልጊዜ ቀይ እንደሚሆንባት አማረረች፤ እህሉ አርጅቶ እንደሆነም ጠረጠረች። በ7ኛው የተሰጣት እርማት ልክ ነው፦ የሰሜኑ ውኃ አልካሊ ስለሚበዛበት የልጣጩ ንጥረ ነገር ከአየር ጋር ሲገናኝ ይቀላል፤ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርበት አረንጓዴነቱ ይቆያል። በ8ኛው መልስ አንዲት እናት የፍልሰታ ጾም ከሳንፉ መጨረሻ ጋር እንደሚገጥም አስተውለው፣ የማሾ ሾርባ፣ ሐብሐብና ነጭ የእንጨት እንጉዳይ የሚሠሩባቸው የበጋ ምግቦች ሁሉ ለጾመኛ የሚመቹ መሆናቸውን ጻፉ። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት፣ ባህሉ ለውበት የሚሰጠው የመጀመሪያ መሣሪያ ክሬም ሳይሆን ድስት መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ ድስቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ9ኛው መልስ አንድ ተማሪ የነጩን እንጉዳይ አሠራር ሲገልጽ፣ ለፊት ልስላሴ እንደሚጠጣና ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ቢያድር እንደሚሻል ጽፎ ነበር። በ10ኛው የምግብ ደኅንነት ባለሙያ የሆነች ሴት በጨዋነት፣ ነገር ግን አጥብቃ አረመችው። በበጋ ሙቀት ለረጅም ሰዓት የተዘፈዘፈ እንጉዳይ ላይ ቦንግክሬኪክ አሲድ የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል፤ መርዙ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሽታም ጣዕምም ስለሌለው አይታወቅም። በሄይሎንግጂያንግ ክፍለ ሀገር በጂሺ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ከበቆሎ ሊጥ የተሠራ እርሾ ያለው ምግብ ከበሉ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች መካከል ዘጠኙ የሞቱት በዚሁ መርዝ ነው። ስለዚህ እንጉዳዩ ጥቂት ሰዓት ብቻ፣ ቢቻል በማቀዝቀዣ ውስጥ ሊዘፈዘፍ፣ በዕለቱም ሊበላ ይገባል። ተማሪው አመሰገናት።

በ11ኛው መልስ ነገሩ ወደ እንቅልፍ ዞረ። አንድ ሰው፣ ከ2000 ዓመት በላይ ዕድሜ የሚሰጠው ሁዋንግዲ ነይጂንግ የተባለው የሕክምናው መሠረት የሆነ መጽሐፍ በበጋ አምሽቶ መተኛትን እንደሚፈቅድ ጠቅሶ፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልክ ላይ መቆየቱን በዚያ ሊያጸድቅ ሞከረ። የመጀመሪያው መላሽ በ12ኛው ተመልሶ፣ መጽሐፉ ያለው ቀኑ ስለሚረዝም ከክረምቱ ይልቅ አምሽቶ መተኛትና ማልዶ መነሣት ነው፤ በትምህርቱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሳያልፍ መተኛት ይመከራል፤ የጎደለው እንቅልፍ ደግሞ የልብ ሰዓት በሚሉት በቀትር፣ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በአጭር ዕረፍት ይካሳል ሲል አስተካከለ። መጽሐፉ በበጋ ቁጣን እንደሚከለክልም አክሎ ነበር፤ የክሩ ሁለተኛ ክፍል ይህን ምክር ብዙም አልተከተለም።

ከ13ኛው እስከ 17ኛው ክሩ ከቻይና ወጣ። ከአዲስ አበባ የጻፈ አንድ ወንድም ሐምሌ ሲገባ ይህን ሥርዓት ልጀምር ብሎ ጠየቀ፤ ሐምሌ በአዲስ አበባ ብርድና ዝናብ ስለሆነ ሰውነትን የሚያበርድ ምግብ በዚያ ጊዜ ያለቦታው እንደሚሆን ተነገረው፤ የባህሉ ቁም ነገር የቀን ስም ሳይሆን በውጭ ያለው አየርና በውስጥ ያለው ሰውነት መስማማታቸው ነውና። ከዱባይ የጻፈች እህት ደግሞ በ45 ዲግሪ ሐሩርና በኤሲ ብርድ መካከል ስትመላለስ አንገቷ እንደሚደርቅ፣ ራሷንም እንደሚያማት ነገረች፤ ቻይናውያን የሚጠቀሙበትን ፌንግዮጂንግ የተባለ አረንጓዴ ዘይት ግንባሯ ላይ እንደምትቀባና የምትንከባከበውን ሕፃንም እንደምትቀባው ጻፈች። በጅዳ የምትኖር አንዲት ነርስ በ16ኛው መልስ ወዲያውኑ አስቆመቻት። ዘይቱ ካምፎር፣ ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት ይገኝበታል፤ ካምፎር ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በሚጎድላቸው ልጆች ላይ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስን ሊያፈርስ ይችላል። ይህ ጉድለት ጓንግዡ በምትገኝበት በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገርም ብዙ የሚታይ በመሆኑ እዚያ ያሉ ሐኪሞች እናቶችን ያስጠነቅቃሉ። በዚያው መልስ ነርሷ አንድ ተጨማሪ ቃል ጻፈች፤ ለባሕረ ሰላጤው አንባቢዎች ከክሩ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ያለው እርሱ ይመስለኛል፦ በሐሩር የወደቀ፣ ገላው የጋለና ንግግሩ የተምታታ ሰው ሲገኝ ለብ ያለ ውኃ ይሻላል፣ ጀርባው ይፋቅ እያሉ መከራከር አይገባም፤ አምቡላንስ ተጠርቶ እስኪደርስ ድረስ በቀዝቃዛ ውኃና በበረዶ ገላውን ማቀዝቀዝ ሕይወት ያድናል።

በ18ኛው መልስ አንድ ሰው በቅርብ ዓመታት በቻይና ማኅበራዊ ሚዲያ የተስፋፋውን ጀርባን ፀሐይ ማስመታት አነሣ። ሐሳቡ በጋ ያንግ የሚባለውን ሞቃት ኃይል መመገቢያ ነው ከሚለው ትምህርት የተወሰደ ነው፤ ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ያለችው ሹዡ ከተማ ሰዎች በሐሩሩ ቀናት የበግ ሾርባ የሚጠጡትም በዚሁ እምነት ነው። ሆኖም በእኩለ ቀን ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ተኝተው በሐሩር ተመትተው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ዜና በቻይና ጋዜጦች ወጥቷል፤ የባህላዊ ሕክምናው ሐኪሞችም ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ራስንና ፊትን ሸፍኖ እንዲደረግ ይመክራሉ። ነርሷ በ19ኛው ላይ ማድያት ላለባት ጠያቂ ፀሐይ ዋናው ጠላት መሆኑን አሳሰበች። ማድያትን የሚያጠቁረው በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር በመሆኑ፣ ለጠይም ቆዳ አይረን ኦክሳይድ ያለበትና ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከተራው ይሻላል። ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ያልያዘ ሰው ሾርባ ቢጠጣ ማድያቱ አይለቀውም።

የክሩ ድምፅ የተለወጠው በ20ኛው መልስ ነው። አንዲት ተሳታፊ የሳንፉ ፕላስተር ጀርባዋ ላይ አስለጥፋ ያገኛትን ጻፈች። ፕላስተሩ ከነጭ ሰናፍጭ ፍሬ፣ ሺሺን ከሚባል ሥርና ከሌሎች ዕፀዋት ተፈጭቶ በዝንጅብል ጭማቂ የሚለወስ ነው፤ በበጋ የሚለጠፈው የክረምትን በሽታ፣ በተለይ አስምን፣ የቆየ ሳልንና የአፍንጫ አለርጂን አስቀድሞ ለመከላከል ነው። እርሷ የገዛችው ግን ለአስም ሳይሆን ለፊት ጥራት ይጠቅማል ተብሎ በስልክ ገበያ ከቀረበው ነበር። ፕላስተሩ የተለጠፈባቸው ቦታዎች ሁሉ ውኃ ቋጠሩ፤ ቁስሉ ቢድንም ጥቁር ምልክቱ ወራት ቆየ። በ21ኛው አንድ ሰው ይህ ሁሉ አስማት ነው፣ የሚያምኑትም ያልተማሩ ናቸው ሲል ክፉ ንግግር ተናገረ። በ22ኛው የባህላዊ ሕክምና ተማሪው ተቆጣ፤ ሰውየው ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም መርምሮ፣ ሰዓት ለክቶ የሚለጥፈውንና በስልክ የሚገዛውን እንኳ እንደማይለይ፣ ሳያነብ እንደሚሳደብም ጻፈ። በ23ኛው መልስ የጅዳዋ ነርስ ሁለቱንም ገሥጻ ወደ ጉዳዩ መለሰቻቸው። ሰናፍጭ ቆዳን እንደሚያቃጥል የታወቀ ነው፤ ሕክምናው ራሱ መጠነኛ መቅላትን ይፈልጋል፤ ለነጣ ቆዳ በቀናት የሚጠፋው መቅላት ግን በጠይም ቆዳ ላይ ጥቁር ሆኖ ለወራት ይቆያል፤ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው ከሆነ ደግሞ ጨርሶ መተው አለበት። ለጠያቂዋ ጥያቄ በቀጥታ የተሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፤ መምጣቱም ዘግይቷል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ነጩ የፊት ዱቄት ተነሣ። ቻይናውያን በስማቸው ባይ የሚል ነጭነትን የሚያመለክት ቃል ያለባቸውን ሥሮች ፈጭተው ፊት ላይ ይቀባሉ፤ ከእነርሱ ዋናው ባይዢ ነው። በ25ኛው መልስ አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ፣ ባይዢ በፀሐይ ሲመታ ቆዳን የሚያቃጥል ፉራኖኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለው፣ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ቆዳው የሚጠቁረውም በዚሁ ቤተሰብ ንጥረ ነገር እንደሆነ አስረዳች። በጋ ላይ ለማድያት ባይዢ ቀብቶ መውጣት፣ እንግዲህ፣ የሚፈለገውን ተቃራኒ ሊያመጣ ይችላል። ይህን ምክር ጎረቤቲቱ የሰጡት ከክፋት አይደለም፤ እርሳቸው በጃንጥላና በረጅም እጅጌ የሚሄዱ ሴት ናቸው።

በ26ኛው መልስ አንዲት ነጋዴ ገብታ የቻይና ባህላዊ ነው ያለችውን፣ በሰባት ቀን ፊት የሚያቀላ ክሬም ዋጋ ለጥፋ ወጣች። የተከተሉት ሦስት መልሶች የክሩ ሁሉ መራሮች ናቸው፤ ሁሉንም አልተርካቸውም። ከመካከላቸው 28ኛው ብቻ ፍሬ ነገር ነበረው። በቀናት ውስጥ የሚያቀላ ክሬም ብዙ ጊዜ ሜርኩሪ ይገኝበታል፤ ሜርኩሪ ቆዳውን ዘልቆ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ተቀቢዋ ልጅ አቅፋ ከሳመች ልጁንም ይነካል። ሜርኩሪን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት፣ ከ2025 በኋላ ደግሞ ማንኛውም ሜርኩሪ የተጨመረበት ማቅያ ማምረትና መነገድ ተከልክሏል። የመድረኩ አስተባባሪ በ30ኛው ላይ የነጋዴዋን ማስታወቂያ ማጥፋታቸውን አስታውቀው፣ ተሳታፊዎች የቆዳን ቀለም ከጤና ጋር እንዳያምታቱ ለመኑ። እኔም በዚያች ከተማ በጋ ያሳለፍሁ ነኝና፣ ልመናቸው ከልቤ ነካኝ፤ ጠያቂዋ የጠየቀችው ስለ ሽፍታና ስለ ማድያት እንጂ ስለ መቅላት አልነበረም።

በ31ኛው መልስ አንድ ጠበቅ ያለ ተከራካሪ የጠያቂዋን ሐሳብ ሊደግፍ ተነሣ። ቱ ዮዮ የተባሉት ቻይናዊት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ከጥንታዊ መጽሐፍ ተነሥተው ከቺንግሃኦ ተክል ባወጡት የወባ መድኃኒት ነው፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ቆላዎች ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም የዚያ ግኝት ልጅ ነው፤ ታዲያ ይህን ሕክምና እንዴት ትንቃላችሁ አለ። በ32ኛው የፋርማሲ ባለሙያዋ የሰጠችው መልስ ከክሩ ሁሉ የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ቱ ዮዮ ጥንታዊውን መጽሐፍ አክብረው አነበቡ፤ ከዚያ ግን ተክሉን በአነስተኛ ሙቀት ለዩት፣ በእንስሳት ሞከሩት፣ ራሳቸው ወሰዱት፣ መጠኑን ለኩ፤ ዕድሜው ብቻ አልበቃቸውም። ቀጥላም ሌላ ምሳሌ አመጣች። አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለባቸው ዕፀዋት ለብዙ ዘመን ተሠርቶባቸዋል። በብራስልስ ለክሳት ተብሎ በተሰጣቸው እንክብል ኩላሊታቸው የሞተ ሴቶች ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1993 በሕክምና መጽሔት ከወጣ በኋላ፣ ከዓመታት በኋላም በሽንት ቧንቧ ላይ ካንሰር ሲታይ፣ የጉዳቱ ምክንያት ታወቀ። ቻይና ራሷ ጓንሙቶንግ የሚባለውን የዚህን ወገን ተክል እ.ኤ.አ. በ2003 ከመድኃኒትነት አወጣችው። ሳንፉ ፕላስተር ውስጥ የሚገባው ሺሺንም ይህ አሲድ በቅጠሉ ስለሚበዛ፣ መንግሥታዊው የመድኃኒት መጽሐፋቸው ሥሩ ብቻ እንዲወሰድ ወስኗል።

የባለሙያዋ ነጥብ ይህ ነው፦ ብዙ ዘመን የኖረ ልማድ ዛሬ ተበልቶ ነገ የሚያሳምመውን በደንብ ይለያል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ኩላሊት የሚገድለውን ግን ከየት እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም። ጠያቂዋ ጎጂ ቢሆን ኖሮ በተተወ ነበር ያለችው ለማሾ ሾርባ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ በሺሺንና በሜርኩሪ ላይ ግን አይሠራም። በዚህ መለኪያ ስሄድ ጎረቤቲቱ ከመከሯት አራት ነገሮች ሁለቱ፣ ማለትም የውኃውና የሾርባው፣ ያለ ሥጋት የሚያዙ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠየቅ መነካት የለባቸውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ወደ ጎን ሄደ። በ34ኛው አንድ አዛውንት በቀንድ ጀርባን የሚፍቁትን ጉዋሻና በብርጭቆ የሚስቡትን ሕክምና ከእኛው ዋግምት ጋር አነጻጽረው፣ በልጅነታቸው ቀንድ ይዞ ደም የሚስብ ባለሙያ ወደ ሠፈራቸው ይመጣ እንደነበር ተረኩ። በ35ኛው አንዲት ልጅ በአክብሮት፣ አባቴ ብላ፣ ጉዋሻ ቆዳ የማይበጣ፣ ዋግምት ግን የሚበጣ በመሆኑ የመሣሪያው ንጽሕና ከምንም በላይ እንደሚያሳስባት ጻፈችላቸው። ፊት ላይ የሚደረገው ጉዋሻም ዘይት ተቀብቶ፣ ቀስ ተብሎ፣ ብጉርና ሽፍታ በሌለበት ቦታ ብቻ እንዲደረግ መከረች፤ ጀርባ ላይ እንደሚደረገው ፊት ላይ እስኪቀላ መፋቅ ለማድያት ጠንቅ ነውና።

36ኛውና 37ኛው መልሶች አጭር ናቸው፤ ሆኖም መዘለል የለባቸውም። አንደኛው ሁዎሺያንግ ዠንግቺ የተባለው የበጋ መድኃኒት፣ ውኃ የሚባለው ዓይነቱ፣ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ስላለው ሴፍትሪያክሶንና መሰሎቹን አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው፣ መኪና የሚነዳም ሰው እንዳይጠጣው አሳሰበ፤ አልኮል የሌለበት ዓይነትም በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛል። ሁለተኛው ደግሞ በጎመዘዘው የፕለም መጠጥና በጓንግዶንግ መራራ ሻዮች ውስጥ የሚገባው ሊኮሪስ የተባለ ጣፋጭ ሥር የደም ግፊትን እንደሚያስነሣና ፖታሲየምን እንደሚቀንስ፣ ግፊት ያለባቸው እናቶችና አባቶች በየቀኑ እንዳይጠጡት አስጠነቀቀ።

በ38ኛው ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም በስም ሳትለይ አመሰገነች፤ ለፕላስተሩ የያዘችውን ቀጠሮ መሰረዟን፣ ዱቄቱን ለጎረቤቷ በትሕትና መመለሷን፣ ማሾውን፣ የቀትር ዕረፍቱንና ለብ ያለውን ውኃ ግን መያዟን ገለጸች። ሽፍታው ስስ የጥጥ ልብስ በመልበስና ካላበች በኋላ ገላዋን ለብ ባለ ውኃ በመታጠብ እንደቀለለላት፣ ለማድያቱ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እንደያዘች ጻፈች። 39ኛው መልስ የአንዲት እናት ጥያቄ ነው፦ የስምንት ዓመት ልጃቸው አስም ስላለበት ፕላስተሩን ለእርሱ ሊያስለጥፉለት አስበዋል። የባህላዊ ሕክምና ተማሪው በ40ኛው፣ ልጁ በሆስፒታል በሁለቱም ሕክምና በሠለጠነ ሐኪም መታየት እንዳለበት፣ የቆዳ አለርጂ ካለበት እንደማይለጠፍለት፣ የሚስበውንም የአስም መድኃኒት በምንም ምክንያት እንዳያቋርጡበት መለሰላቸው። እርሳቸውም ሐኪሙ ያዘዘውን ሳያስፈቅዱ ምንም እንደማይጀምሩ ጽፈው፣ ልጁ እስከዚያ የማሾ ሾርባ ቢጠጣ ችግር አለው ወይ ብለው ጠየቁ፤ ችግር እንደሌለው፣ ስኳሩን ብቻ እንዲያሳንሱ ተነገራቸው።